በጠረጴዛው ላይ የነበረው ነጋዴ

ነገሩ በገንዘብ ያስወጣኝ አርባ አራት ዶላር ነው፤ ሚስቴ ለልጃችን በእኔ ካርድ የገዛችላት አንድ ከረጢት ዳይስና እኔ ዘግይቼ የገዛሁት አንድ መጽሐፍ። ከዚያ ውጭ ያስወጣኝ የልጄን አንደበት ነው።

ልጄ እስከ አሥራ አራት ዓመቷ ከቤት ውጭ አትናገርም ነበር። ቤት ውስጥም ቢሆን በቁጠባ ነው። አስተማሪዋ ጠርታን "ክፍል ውስጥ አንድ ቃል አትተነፍስም" ስትለን፣ "አትረብሽማ፤ ታዲያ ምን ጎደለ?" አልኩ። እናቷ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

ከዚያ አንዲት የክፍሏ ልጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አቮንዴል እስቴትስ የሚባል ሰፈር ወደሚጫወቱት ጨዋታ ጋበዘቻት። ልጆቹ ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ። አንዱ ታሪክ ይተርካል፣ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው በታሪኩ ውስጥ አንድ ሰው ሆነው ይናገራሉ፤ የሞከሩት ነገር ይሳካ አይሳካ፣ ዳይስ ተወርውሮ የሚወጣው ቁጥር ይወስናል። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው። ያኔ የማውቀው፣ ስመልሳት መኪና ውስጥ ሳታቋርጥ ማውራቷን ብቻ ነበር።

"ባባ፣ የድልድዩ ዘበኛ አላሳልፍም አለን፤ ላይክ፣ እኔ ነኝ ያሳመንኩት!"

እሺ እሺ እላታለሁ፤ ሐሳቤ ያልተሸጠ ፍሪጅ ላይ ነው። የምሸጠው ያገለገለ የቤት ዕቃ ነው።

አንድ ቅዳሜ ቀደም ብዬ ደረስኩ። ፓርክ አድርጌ ገባሁ። የጨዋታው መጽሐፍ ሽፋን ላይ ቀንዳም ፍጡር፣ ጠረጴዛው ላይ የላስቲክ ወርቅ፣ ልጄ እጅ ላይ ዳይስ። በወጣትነቴ መርካቶ ያጠራቀምኳትን መነሻ ገንዘብ በአንድ ከሰዓት የበላብኝ ዳይስ ነው።

"ስንት ተበላሽ?" አልኳት።

"ባባ፣ የውሸት ብር እኮ ነው!"

"ሁሉም ሲጀምር የውሸት ነው።"

ዳይሱን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩ፤ እጇን ይዤ ወጣሁ። ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልወጣትም።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜን ሱቄ አዋልኳት። "ከሰው መነጋገር ከሆነ ካሸር ላይ ይለመዳል" አልኳት እናቷን።

"አንተ መነጋገር የምታውቀው ለመሸጥ ብቻ ነው" አለችኝ።

ወራት አልፈው አንድ እሑድ፣ ልጄ ቤተ ክርስቲያን ሳለች፣ ያቺ የክፍሏ ልጅ ሱቅ መጣች። ልጄ በጨዋታው ስለምትሆነው ሰው የጻፈችበትን ወረቀት ይዛለች። "ትምህርት ቤት ብሰጣት አልቀበልም አለችኝ" አለች።

የልጄ ሰው ሽማግሌ ነጋዴ ነው። ሆዱ እንደኔ፣ ሳሉ እንደኔ። ልጅቷ አየችኝና ሳቋ መጣ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ በተሰባበረ አማርኛ፣ "እህቴ፣ እኔም በዚህ አልገዛሁትም!" አለችኝ። ዋጋ ለሚከራከረኝ ደንበኛ በቀን ሃያ ጊዜ የምላት አባባል ናት። ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ልጆች ሁሉ በቃላቸው ያውቋታል አሉ።

"አንድ ዓይን አፋር ልጅ ነበር" አለችኝ። "እሷ 'ደንበኛዬ፣ አንተ ስንት ትላለህ?' እያለች ታናግረው ነበር። እሷ ስትቀር እሱም ቀረ። ከዚያ ሁላችንም ተበተንን። እኛም ቤት ቀይረን ሩቅ፣ ማሪዬታ ልንገባ ነው።"

ልጄ ስትመጣ ዳይሱን ካውንተሩ ላይ ዘረገፍኩላት። "ይኸው፣ ሂጂ ተጫወቺ። አጥፍቻለሁ።"

"ከማን ጋር?" አለችኝ።

ብትቆጣ እከራከር ነበር፤ ክርክር ሙያዬ ነው። አልተቆጣችም። የጨዋታውን መጽሐፍ ያኔ ገዛሁ። "አስተምሪኝ፣ እኔ ልጫወት" አልኳት። ሁለት ገጽ ገለጠችና ዘጋችው። አቮንዴል እስቴትስ ብወስዳትም፣ ያንኑ ጨዋታ የሚጫወቱ ሌሎች ልጆች ቦታ ሊሰጧት ተዘጋጅተው ሲጠብቋት፣ የመኪናውን ቀበቶ አልፈታም አለች።

አሁን አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ሒሳብ አትሳሳትም። ደንበኛ ዋጋ ሲከራከራት በጣቷ ወደኔ ትጠቁማለች። ጓደኛ የላትም። ከእኔ ጋር በቀን ከአምስት ቃል በላይ አንነጋገርም።