ከኤርፖርት በአምስት ደቂቃ

ነገሩ የሆነው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ዓመት ነው። ቦሌ ላይ ትናንት ያየነው ቪላ ዛሬ ፈርሶ ጉድጓድ የሚሆንበት፣ በየመንደሩ ገስት ሃውስ የሚከፈትበት ጊዜ ነበር። ዓመታት አልፈዋል። እኔ ግን እስካሁን ሳስታውሰው ተቀምጬ መጨረስ ያቅተኛል። ይህንን ስጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቼ ሳሎኑን ዞሬዋለሁ።

የምሠራው ቦሌ፣ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ባለ አንድ አነስተኛ ገስት ሃውስ ነበር። የተቀጠርኩት እንግዳ ለመቀበል ነው። ባለቤቱ ጋሽ በላቸው ግን ኮምፒውተር ስነካካ አዩኝና "ዌብሳይቱንም አንቺው ሥሪው" አሉኝ። ሠራሁት። እንግሊዝኛውን ያየ ሁሉ አደነቀ። "ከኤርፖርት በአምስት ደቂቃ፣ ከግርግሩ ግን ሩቅ" ብሎ ነበር የሚጀምረው። መንገዱ ባዶ ከሆነ እውነት ነው። ጋሽ በላቸው ቆመው አንብበው ሲጨርሱ "አይ አንቺ! ይሄን ሁሉ ችሎታ የት ደብቀሽው ኖሯል?" አሉኝ። አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ።

የውጭ እንግዶቻችን የሚያገኙን ኢንተርኔት ላይ ፈልገው ነው። "አዲስ አበባ፣ ኤርፖርት አጠገብ" ብሎ ለሚፈልግ ሰው እኛ የመጀመሪያው ገጽ ላይ እንወጣ ነበር። ክፍሎቹ ቀለም ተቀብተው አዲስ ፎቶ ካስገባሁ ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን ኢሜይል መምጣት አቆመ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሳምንት። ጋሽ በላቸው ራሳቸው ስልካቸው ላይ ፈለጉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የለንም፤ አሥረኛውም ላይ የለንም። ድራሻችን ጠፍቷል።

"እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ በቦታሽ የሚያውቅ ሰው እቀጥራለሁ" አሉኝ። ቁጣም የለበትም፤ ያ ነው የባሰብኝ። ቤት ውስጥ ደመወዝ የሚያመጣ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ ታማለች፣ ታናሽ እህቴ ተማሪ ናት። የዚያን ቀን ምሳ አልወርድ አለኝ።

ሀብታሙ ጋ ደወልኩ። ኮምፒውተር ሥልጠና አብረን የወሰድን ልጅ ነው፤ የማያውቀው ነገር የለም፣ ቢያንስ እሱ እንደሚለው።

"አልቆልሻል፤ ተገልብጠሻል" አለኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሁለት ቦታ ከተገኘ የኢንተርኔት መፈለጊያው ሁለቱንም ይቀጣል። ጥቁር መዝገብ ውስጥ ነው የሚከታችሁ። የገለበጠሽን ሰው ፈልጊና አስጠፊው።"

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገሬን እንዳለ አስገብቼ ፈለግሁት። ወጣ! ሳሊተ ምሕረት ያለ የአንዲት ሴት ገስት ሃውስ። ቃል በቃል፣ ነጥቡ ሳይቀር የእኔው ነው። ከሳሊተ ምሕረት ኤርፖርት በአምስት ደቂቃ? በምን፣ በሄሊኮፕተር? ደሜ ፈላ። ሰሌዳቸውን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት በታክሲ ሳልፍ የማየው ነው። እንጀራዬን የወሰደችብኝ ሴት ደጅ በየቀኑ አልፍ ነበር ማለት ነው ብዬ ተንገበገብኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ጋ ስንደርስ "ወራጅ!" ብዬ ወረድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ እትዬ አስካለ ይባላሉ። መነጽራቸው በክር አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ሰላምታቸውን እንኳ አላስጨረስኳቸውም።

"ጽሑፌን ሰርቀውኛል" አልኩ።

ደነገጡ። "ጽሑፍ? የኢንተርኔቱን ነው ልጄ? ያንቺ ነው እንዴ?" ብለው ፊታቸው በራ። "ጎበዝ! ግቢ፣ ግቢ እንጂ!"

ሰው ሌባ ተብሎ እንዴት ደስ ይለዋል? ንዴቴ መግቢያ አጣ።

ለካ እሳቸው ሌብነት መሆኑ ጨርሶ አልገባቸውም። ሠላሳ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። "እኛ ጋ ጥሩ ደብዳቤ ከተገኘ ፋይል ይደረጋል" አሉኝ። "ሌላ ጊዜ አለቃው 'በዚያ ደብዳቤ መሠረት ይጻፍ' ይላል። አውጥተን ስሙንና ቀኑን ቀይረን እንተይበዋለን። የእህቴ ልጅ ባዶውን ገጽ ከፍቶልኝ ወደ ሐዋሳ ሄደ። ምን ልሙላበት? የእናንተን አየሁት፣ አማረኝ። አንድ በአንድ ተየብኩት፣ አመሳከርኩት። አንድ ስሕተት የለበትም!"

"አምስት ደቂቃ የሚለውስ?"

"እንደዚያ ይላል እንዴ?" ብለው ሳቁ። "ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን መቼ አውቄው። ለካ እንግዶቹ ሲደርሱ ሰዓታቸውን የሚያሳዩኝ ለዚህ ነው!"

እኔ አልሳቅሁም። ሀብታሙ ያለኝን ሁሉ ነገርኳቸው፤ ቅጣቱን፣ ጥቁሩን መዝገብ፣ ሥራዬን ልነጠቅ መሆኔን። ሳቃቸው ጠፋ። "በስመ አብ! እንጀራሽን ልዘጋ?" ብለው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞሩት። "አጥፊው። እኔ አልችልበትም።"

ትንሽ እንኳ አላመነታሁም። ጽሑፉን ብቻ ማንሳት ስችል ገጹን በሙሉ አጠፋሁት። ቶሎ ወጥቼ ታክሲ ያዝኩ።

ከዚያ ጥበቃው መጣ። ታክሲ ውስጥ ስልኬን አውጥቼ እፈልጋለሁ፣ ኔትወርክ ይጠፋል፣ ሲመለስ እንደገና እፈልጋለሁ። የለንም። ሀብታሙ "ቅጣቱ ቶሎ አይነሳም፣ ያንቺንም ቃላት ቀይሪያቸው" አለኝ። ቀየርኳቸው። "ጸጥ ያለ" የነበረውን "ድምፅ የሌለበት" አደረግሁት። የገዛ ጽሑፌን ሳነበው እስኪያስጠላኝ ድረስ አበላሸሁት። አሁንም የለንም። እንቅልፍ አጣሁ፣ በትንሹም በትልቁም ከሰው ጋር እጣላ ጀመር። ወሩ ሊያልቅ አራት ቀን ቀረ።

በዚያው ቀን እትዬ አስካለ የታይፒስትነት ዘመናቸውን ማስመሪያ ይዘው ሩዋንዳ ድረስ መጡ። ሁለት ታክሲ ቀይረው፣ ሰው እየጠየቁ።

"ተስተካከለልሽ?" አሉኝ።

"አልተስተካከለም" አልኩ።

"እሱን ፈርቼ ነው የመጣሁት። በእኔ ጦስ ሥራ እንዳትለቂ። ነይ፣ እናመሳክረው።"

ምን እንደሚመሳከር አልገባኝም፤ ግን እምቢ ለማለትም ጉልበት አልነበረኝም። ገጾቹን አይተን ስንጨርስ የዌብሳይቱ ማስተካከያዎች የተዘረዘሩበትን ገጽ ከፈትን። ማስመሪያቸውን ስክሪኑ ላይ አስደግፈው መስመር በመስመር ወረዱ። "ይሄ ምን ይላል?" ይሉኛል፤ አነባለሁ፣ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። "ቀጥዪ።" ይሄ የቀኑ አጻጻፍ ነው። "ቀጥዪ።" ይሄ የፎቶው መጠን ነው። ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ሴትዮዋን እንዴት አድርጌ እንደምሸኛቸው ነበር የማስበው።

ማስመሪያው ቆመ። "እዚህች ሣጥን ላይ ምልክት አለ። ሌሎቹ ባዶ ናቸው። ምን ትላለች?"

ማንበብ ጀመርኩና ወደ መጀመሪያው ቃል ተመለስኩ።

"ምን ትላለች እኮ?"

"'መፈለጊያዎች ይህንን ዌብሳይት እንዳያሳዩ' ትላለች" አልኩ።

ወዲያው ትዝ አለኝ። ፎቶዎቹን ስቀይር፣ ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ ሳይሠራ ሰው እንዳያየው ብዬ ምልክቱን ያደረግሁት ራሴ ነኝ። ስጨርስ ማንሳቱን ረሳሁት። የቀጣን የለም። የከሰሰንም የለም። እሳቸው ቢገለብጡም ባይገለብጡም ያጠፋን እሱ አልነበረም። በገዛ እጄ "አታሳዩን" ብዬ ነበር፤ አላሳዩንም።

ምልክቱን አነሳሁት። እትዬ አስካለ "እሰይ! ተገኘች!" ብለው አጨበጨቡ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደጃቸው ድረስ ሄጄ ሌባ ያልኳቸው ሴት ናቸው። ገጻቸውን ካጠፋሁት ወዲህ አንድም የውጭ እንግዳ እንዳልጠየቃቸው ሲወጡ ሲወጡ፣ እንደ ቀላል ነገር ነገሩኝ።

"ይቅርታ ያድርጉልኝ" አልኳቸው።

"ኧረ ተይው! ሰው ነሽ" አሉና ትንሽ አፈር ብለው ጠየቁኝ። "እንግዲህ እኔም ገጼን ልመልሰው? ጽሑፉ ያንቺ ነውና ካልፈቀድሽልኝ አልነካውም። አምስት ደቂቃ የሚለውን አወጣለሁ።"

እዚህ ጋ ነው ሁልጊዜ የምነሳው።

ያ ጽሑፍ የእኔ አልነበረም። ጋሽ በላቸው ዌብሳይት ሥሪ ሲሉኝ የሚጻፈው ጠፍቶኝ፣ ኋላ ከኢንተርኔት ከጠፋ የሌላ አገር ሆቴል ገጽ ላይ እንዳለ የወሰድኩት ነው። አምስት ደቂቃውም የእነሱ አምስት ደቂቃ ነው። ከእትዬ አስካለ የምለየው በአንድ ነገር ነው፤ እሳቸው አልደበቁትም፣ እኔ ደበቅሁት። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ጋሽ በላቸው ግን በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር።

"ፈቅጄልዎታለሁ" አልኩ።

አንገቴን አቅፈው ሳሙኝ። "ተባረኪ፤ እጅሽ ይባረክ" አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ኢሜይል ገባ። ሥራዬ ተረፈ፣ ጋሽ በላቸውም አመሰገኑኝ። ቅዳሜ ሳሊተ ምሕረት ሄጄ ገጻቸውን መለስኩላቸው፤ አብረን ስለ ራሳቸው ቤት፣ ስለ ግቢያቸው የኮክ ዛፍ አዲስ ጽሑፍ ጻፍን። እሱ ግን የደበቅሁትን ነገር ከልቤ አላወጣልኝም።

አሁን ሌላ ቦታ ነው የምሠራው፤ መንገዴ ግን ያው ነው። ሰሌዳው አሁንም አለ። ታክሲው እዚያ ሲደርስ "ወራጅ" ማለት ያምረኛል፤ ወርጄ እትዬ አስካለ፣ ያ የፈቀድኩልዎት ጽሑፍ የእኔ አልነበረም ልላቸው። እስካሁን አልወረድኩም።