በትከሻ የተመታው ጊታር

ጊታሩን የመታሁት እኔ ነኝ። የተጨበጨበው ለተክሌ ነው። በደሉ ይኸው ነው።

ከአርባ ዓመት በላይ ሆነው። ረስቼዋለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን ውሸት ነው። እንዴት ብዬ ልርሳው? ጎፋ አካባቢ ፀጉሩ የሸበተ ሰው ሁሉ ተክሌን ባየ ቁጥር "ባለ ትከሻው!" እያለ ያቅፈዋል። እኔን ሲያየኝ "ደምሴ፣ ያቺ ሱሪ እንዴት ሆነች?" ይለኛል። ልብስ ሰፊ ነኝ። ሱሪዋም ደርሳለች፣ መጥተህ ውሰዳት።

ነገሩን የቀሰቀሰው የልጄ ባል ዮናስ ነው። ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ጊታር ይመታል። በዚህ የመስቀል ሰሞን ጀሞ ያለው ቤታችን መጣ፤ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለከ ያወጣውን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ።

"አባባ፣ ይህን ይዩልኝ! የድሮ ሞዴል ነው። ማምረት አቁመው ነበር፣ አሁን እንደ ጥንቱ አድርገው እንደገና አወጡት። ከውጭ የመጣ ጓደኛዬ ነው ያመጣልኝ።"

ከፈተው። ጥቁር፣ የጫማ ቁመት ያለው፣ ላዩ ጎማ የለበሰ ከባድ ብረት።

"ጭን ላይ የሚጋደመውን ስቲል ጊታር የሚመቱ ሰዎች የሚረግጡት ፔዳል ነው" አለ። "ወደ ታች ሲረግጡት ድምፁ ይጨምራል፣ ወደ ጎን ሲገፉት ደግሞ..."

"ይወፍራል" አልኩት። "ስትመልሰው ይቀጥናል።"

ባለቤቴ ማርታ ከኩሽና ውስጥ ሳቋን ለቀቀችው። ዮናስ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየ። እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ጫንኩበት። ብረቱ በካልሲዬ አልፎ ቀዘቀዘኝ። እግሬ ወዲያው ወሬውን ጀመረ፤ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን። እግር አይረሳም።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ደርግ መሠረተ ትምህርትን አውጇል። እኔ ነፋስ ስልክ ውስጥ በቀበሌው የልብስ ሰፊዎች ማኅበር እሰፋለሁ። ማንበብ አልችልም። የደንበኛ ልክ የምይዘው ክር ላይ ቋጠሮ እየቋጠርኩ ነበር፤ ትልቁ ቋጠሮ ደረት፣ ትንሹ ወገብ። ክሮቹ ግድግዳው ላይ ተሰቅለው ይውላሉ፣ የማን እንደሆኑ በቀለማቸው አውቃለሁ። አንዳንዴ ቀለሙ ይምታታብኝና የአንዱን ሱሪ ለሌላው እሰፋለሁ። ደንበኛው ሲቆጣ እኔ ከእሱ ብሼ እገኛለሁ። ሆድህ ያበጠው በኔ ጥፋት ነው እንዴ?

ማታ ማታ ፊደል የምታስተምረን ማርታ ነበረች። ቤተሰቦቿ ከወላይታ የመጡ ናቸው፣ እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ገና መጨረሷ ነው። ጠመኔዋን ይዛ ከኋላዬ ትቆምና፣ "ጋሼ ደምሴ፣ ይጻፉት እንጂ አይዘምዝሙት!" ትለኛለች። ክፍሉ በሙሉ ይስቃል። እኔ አልስቅም። ግን በማግስቱ ከሁሉም ቀድሜ እገኛለሁ።

የተቀመጥንባቸው አግዳሚዎች የነማርታ ነበሩ። የማርታ ቤተሰቦች የሚጸልዩበት ቤት በዚያው ዓመት ታሽጎ፣ ቀበሌው ዕቃውን በሙሉ ወርሷል። አግዳሚው ለትምህርቱ፣ የሙዚቃ መሣሪያው ለኪነት ቡድኑ ተሰጠ። ከመሣሪያዎቹ መካከል አንድ ወገብ የሌለው፣ ጣውላ የመሰለ ጊታር ነበር። ክሮቹ ከእንጨቱ በጣም ይርቃሉ፤ የኪነቱ ልጆች እንደ ተራው ጊታር ሊጫኑት ሲሞክሩ ጣታቸው ተሰነጣጠቀ። "ተበላሽቷል፣ በሞረድ ዝቅ እናድርገው" ተባባሉ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ የነሱን ካኪ ዩኒፎርም እሰፋ ነበር።

ማርታ ያን ቀን ክር የምታቀብለኝ መስላ ጎንበስ አለች።

"ጋሼ፣ እንዳያስነኩት። አልተበላሸም። ጭን ላይ አጋድመው በብረት ነው የሚመቱት። ጣት አይጫነውም፣ ብረቱ ይንሸራተትበታል።"

"አንቺ የት አየሽው?"

"የት ይመስልዎታል?" አለችና ወደ ጥቁር ሰሌዳዋ ሄደች።

ልጆቹ ሲወጡ ጊታሩን ጭኔ ላይ አጋደምኩት። ከአሮጌ የስፌት መኪና የወለቀ ለስላሳ ዘንግ ነበረኝ፣ እሱን ክሩ ላይ አንሸራተትኩ። የሚታረድ ፍየል ድምፅ ወጣ። ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ከቀበሌው ሱቅ ፊት ለፊት ለስኳር ተሰልፈን ሳለን ማርታ በክርኗ ጎሰመችኝ። "በሩን የደገፈውን ብረት አዩት?" አለችኝ። "የጊታሩ ነው። እግር ነው የሚረግጠው።" ሻጩ ነፋስ በሩን እንዳይመታበት ነበር ያስደገፈው። ከሜዳው ትልቅ ድንጋይ ተሸክሜ መጣሁና ለውጠኝ አልኩት። "ድንጋዩማ ይሻላል፣ ይሄስ አቧራ ይይዛል" ብሎ ሰጠኝ፤ ስቆብኝም ቀረ።

እንግዲህ ልብስ ሰፊ ማለት እግሩ የማያርፍ ሰው ነው። ከጠዋት እስከ ማታ የስፌት መኪና ስረግጥ ውዬ፣ ስበላ እንኳ እግሬ ከጠረጴዛው ሥር ይረግጣል። ፔዳሉን ከጊታሩና ከኪነት ቡድኑ ማጉያ ጋር ባገናኘሁት ቀን ይኸው የሚያናድደኝ እግር ሥራ አገኘ። ክሩን ስመታ ድምፁን ደብቄ፣ ቀስ እያልኩ ስረግጥ ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀረበ። ወደ ጎን ስገፋው አፉን ሸፍኖ የሚያንጎራጉር ሰው ሆነ። ስመልሰው ገለጠው። ፀጉሬ ቆመ። ሌላው ሰው ይህን ለመልመድ ወራት ይፈጅበታል አሉ፤ እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቀው ስለማመደው ኖሬያለሁ።

ዜማ ግን አልነበረኝም። ማርታ ሰሌዳ ስትጠርግ የምታንጎራጉራት አንዲት ዜማ ነበረች፣ እሷን ለቀምኳት። ስመታት ማርታ መጥረጊያውን ይዛ ደርቃ ቀረች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

"ቆንጆ ናት" አለችኝ። "ግን ሰው ፊት እንዳይመቷት። የዚያ ቤት መዝሙር ናት። የሚያውቃት ሰው ሰምቶ 'ማን አስተማረህ?' ቢልዎት፣ የሚታሰረው እርስዎ አይደሉም።"

ምዬ ተገዘትኩላት።

ከዚያ የቀበሌው ሊቀመንበር ሰማኝ። ለመስከረም ሁለት የአብዮት በዓል ቀበሌዎቹ በኪነት ሊወዳደሩ ነው፣ እሱም እንቅልፍ አጥቷል። ድምፁን ሲሰማ ዘለለ። እኔን ሲያይ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ጓድ ደምሴ፣ ቆመህ ምታው።"

"ተቆሞ አይመታም።"

"አብዮታዊ ሙዚቀኛ ሰፌድ እንደያዘች ሴትዮ ቁጭ ብሎ እህል ሲያበጥር ልናሳይ ነው? ደግሞ እግርህ! መድረክ ላይ ሱሪ የምትሰፋ ነው የምትመስለው!"

መላው ተገኘ። ተክሌ ይቆማል። ተክሌ የቡድኑ ጨፋሪ ነው፤ ረዥም፣ አፍሮው እንደ ጃንጥላ፣ ጥርሱ ነጭ። አንድ ተራ ጊታር አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል፣ የገመዱን ጫፍ ኪሱ ውስጥ ይወሽቃል፣ እጁን ያንቀሳቅሳል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ቁጭ ብዬ እመታለሁ። እንቢ እንዳልል ማኅበሩ የሚሠራው በቀበሌው ቤት ነው። መጋረጃውንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀይ ጨርቅ፣ ድርብ ስፌት። ብቻ አንድ ቦታ ላይ አውቄ ሳልሰፋው ተውኩ፣ በእሷ ቀዳዳ ለማየት።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ክረምቱ እየወጣ ነበር። የጎፋ መንገድ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ከላፍቶ በኩል የመጡ ገበሬዎች የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ይሸጣሉ፣ ሀና ማርያም አካባቢ ያኔ ሁሉም ማሳ ነበር፤ አደይዋ ከጤፉ ዳር ወጥታለች። ፔዳሉን በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር ይዣለሁ። በቆሎዬን እየጋጥኩ ተክሌን አብሬው እየሄድኩ አስጠናዋለሁ። "እዚህ ጋ እጅህ ይወርዳል፣ እዚህ ጋ ይወጣል።" "ገባኝ፣ ገባኝ" ይላል። ምንም አልገባውም።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዘፈኑ ተጀመረ፣ ደህና ሄደ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ዘፋኟ ግጥሙ ጠፋባት። አፏን ከፍታ ቀረች። ከበሮው ቆመ። ሊቀመንበሩ ከመድረኩ ጥግ በመጋረጃው በኩል አንገቱን አስገባና፣ "ሙላው! የሆነ ነገር ምታ!" አለኝ፣ ላቡ አፍንጫው ላይ እየተንጠባጠበ።

ምን ልምታ? ያጠናሁት ዘፈኑን ነው፤ እሱ ደግሞ ያለ ዘፋኟ የሚሄድ አይደለም። ሌላ እጄ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። መሐላዬ ትዝ ሳይለኝ ብረቱ ተንሸራተተ፣ እግሬ ረገጠ፣ የማርታ ዜማ ወጣች።

በቀዳዳዬ አየሁ። ተክሌ ደንግጧል፤ ይህችን አላጠናትም። እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ለጥቂት ጊዜ ጊታሩን እንደ ሕፃን ታቀፈው። ከዚያ የሚያውቀውን አደረገ፤ ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ሰካና እስክስታ ወረደ!

ጊታሩ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ማንም አይነካውም፣ ዜማው ግን ይንቆረቆራል። እኔ ስረግጥ ድምፁ ያብጣል፣ የተክሌ ትከሻ ይነሳል። እኔ ስለቅ ይሟሽሻል፣ ትከሻው ይወርዳል። እግሬን ወደ ጎን ስገፋው አንገቱን ይሰብቃል። ከፊተኛው ረድፍ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ጮኸ፤

"በትከሻው! ኧረ በትከሻው ነው የሚመታው!"

አዳራሹ ተነቀለ። ኮፍያ ወደ ላይ ተወረወረ፣ እልልታው ጣሪያውን አንቀጠቀጠው። ዳኞቹ ሳይቀሩ ቆሙ። እኔ ከጀርባ ሆኜ ሳቄ እንዳይሰማ የመጋረጃውን ጫፍ ነክሻለሁ። ከአዳራሹ ኋላ ግን አንዲት ትልቅ ሴት ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ዜማዋን አውቀዋታል። አጠገባቸው ማርታ አመድ መስላ ቆማለች።

አንደኛ ወጣን። ተክሌን ተሸከሙት። ሊቀመንበሩ በድምፅ ማጉያው፣ "ጓድ ተክሌ፣ ይህ ዜማ የማን ነው?" ብሎ ጠየቀው። ተክሌ ወደ መጋረጃው ዞረ። እኔ ብቅ ብዬ "የኔ ነው፣ የመታሁትም እኔ ነኝ" ልል አንድ እግሬን አውጥቼ ነበር። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ታየኝ፤ ከየት አመጣኸው? እግሬን መለስኩ።

"ከሆዴ ነው" አለ ተክሌ።

ማታ ማርታን እስከ ሰፈሯ ሸኘኋት። ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ድንጋይ ላይ ተቀመጠችና ጎኗን ይዛ መሳቅ ጀመረች። "በትከሻው!" ትላለች፣ ትስቃለች፣ ዓይኗን ትጠርጋለች። "ሊቀመንበሩ እኮ ሲያጨበጭብ ነበር! የዘጉትን ቤት መዝሙር ቆመው አጨበጨቡለት!" ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ "አንተ ግን ምን ነክቶህ ነው?" አለችኝ።

አንተ። እስከዚያች ማታ እርስዎ ነበርኩ። መንገዱን ሙሉ ጭቃው አልታወቀኝም።

ደርግ ወድቆ ያ የጸሎት ቤት ሲከፈት ጊታሩንም ፔዳሉንም በራሴ ጀርባ ተሸክሜ መለስኩ። የዚያን ጊዜ ለመናገር የሚያስፈራ ነገር አልነበረም፤ ተናገርኩ። ማን ይመን! "ደምሴ እኮ ቀናተኛ ነው" አሉ። አንዱማ "በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን!" ብሎ ሊደባደበኝ ነበር። ተክሌም ሲጠየቅ ፈገግ ይላል እንጂ አይመልስም። እኔና እሱ ሰላምታ አላቋረጥንም፤ ቂሜን ግን አልተውኩም።

ዮናስ ፔዳሉን ባመጣ በሦስተኛው ቀን፣ በመስቀል ማግስት፣ ተክሌ እንኳን አደረሳችሁ ሊል መጣ። አፍሮው የለም፣ በከዘራ ነው የሚሄደው። የልጅ ልጆቼ ከበቡት፤ "አባባ ተክሌ፣ በትከሻዎ ይምቱልን!" ዮናስም ከቤተ ክርስቲያናቸው ያመጣውን ስቲል ጊታር ከፔዳሉና ከማጉያው ጋር አገናኝቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠለት።

ተክሌ ወለሉ ላይ ያለውን ጥቁር ብረት አየ፣ እኔን አየ። ሁለት ትከሻውን ወደ ላይ አነሳ። ድምፅ የለም። አወረደ። ድምፅ የለም።

"አያችሁ ልጆች" አለ። "የኔ ጊታር ገመዱ ኪሴ ውስጥ ነበር። የሚመታው ከመጋረጃው ጀርባ አያታችሁ ነው። መጀመሪያ ፈርቼ ዝም አልኩ፣ በኋላ ደግሞ ጭብጨባው ጣመኝ። አንተ ደምሴ፣ ተቀበለኝ፣ ከበደኝ" ብሎ ጊታሩን አቀበለኝ።

ልነግረው ያዘጋጀሁት የአርባ ዓመት ስድብ ነበረኝ። ትቼው ተቀመጥኩ፣ ጫማዬን አወለቅኩ። ማርታ ከኩሽና ወጥታ በሩ ላይ ቆመች፣ እጇ ቅቤ እንደነካ። ዜማዋን መታኋት፣ ፊት ለፊት፣ ያለ መጋረጃ። ያ ሽማግሌ ደግሞ ከዘራውን ጥሎ እስክስታ አይወርድ መሰላችሁ!

አሁንም ቂመኛ ነኝ፣ ማርታ ትመስክር፤ የሌላው ሰው ዕዳ ገና ብዙ አለ። የተክሌ ግን አልቋል። መጻፍ ያስተማረችኝም አጠገቤ ሆና አትዘምዝመው እያለችኝ ነውና፣ ቀኑን ልጻፈውና ይብቃኝ፦ መስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም.።