አውኩሶና ሱሪ ለባሹ እንግዳ

አውኩሶ ሲወለድ አዋላጇ "ይሄ ልጅ እጁን ጨብጦ ነው የወጣው" አለች ይባላል። ይህን እየሳቁ የሚያወሩት እሱ ያልመታቸው ሰዎች ናቸው። በእኛ መንደር ደግሞ እሱ ያልመታው ሰው በጣት ይቆጠራል።

አባቱ በቀበቶ የሚያናግር ሰው ነበር። በደሴታችን የወንድ ልብስ ሱሪ ሳይሆን ሽርጥ ነው፤ ልጁ ሽርጡን አጣሞ ካገለደመ ቀበቶ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ ከታየ ቀበቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሽርጡን ሲያስተካክል ከታየ ደግሞ ቤት እስኪደርሱ እንኳ አይታገስም፣ እዚያው በር ላይ ያወርድበታል። "ሽርጡን መያዝ ያቃተው ወንድ ምን ይይዛል?" ይል ነበር ሰውየው። ልጁ እየተመታ አለማልቀስን ለመደ። ጎረቤቱም "ጎበዝ፣ ወንድ ነው" እያለ አሞገሰው። አይ ጎረቤት! ስንቱን ልጅ እንዲህ እያሞገስን አበላሸነው።

ሲጎለምስ የመንደሩ ጎረምሶች አለቃ ሆነ። የእኛ ጎረምሶች ሥራ ይታወቃል፦ ማታ ማታ ለጸሎት ቀንደ መለከቱ ሲነፋ፣ ነጭ ሸሚዝና ሽርጥ ለብሰው በመንገዱ ዳርና ዳር ይቆማሉ፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ሰው አያልፍም፣ መኪና አያልፍም። ከአውኩሶ በፊት የነበሩት አለቆች የሚያልፈውን ሰው "እባክህ ቁም" ይሉ ነበር። እሱ "እባክህ" የሚለውን አስቀረው። አንድ ጊዜ ከከተማ የመጣ የጭነት ሹፌር አልቆምም ቢል መስታወቱን በድንጋይ አወረደበት፣ ሲወርድ ደግሞ መንጋጋውን ሰበረው። ሽማግሌዎቹ ጠርተው "አበዛኸው" አሉት። እያሉትም ይስቁ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በመንደራችን በጸሎት ሰዓት መኪና አልፎ አያውቅምና።

እሁድ እሁድ ሲታይ ግን እውነት ለመናገር ያምር ነበር። ጥቁር ሱፍ ኮት፣ ከዚያው ጨርቅ ተሰፍቶ እስከ ቅልጥሙ የሚወርድ ባለኪስ ሽርጥ፣ ክራቫት፣ የተወለወለ ነጠላ ጫማ። የሽርጡ እጥፋት ሽንኩርት ይቆርጣል። የቤተሰቡ የአለቅነት ማዕረግ ለእሱ ተሰጥቶ ከመንደሩ ሹማምንት ጋር መቀመጥ ሲጀምር፣ ያንን ሱፍ ለብሶ እግሩን አጣጥፎ ቁጭ ሲል፣ ይሄ ሰው በቡጢ ይታወቃል ብሎ የሚያምን አልነበረም። የሚያውቀው ያውቃል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አባቱ ሲሞት ታናሽ ወንድሙ ኢዮሴፎ ገና ሕፃን ነበርና አውኩሶ አሳደገው። ያሳደገውም በዚያው ቀበቶ ነው። ሚስቱ ሲኔቫ ምላሷ ስለት ነው፣ ዝም አትልም ነበር።

"አንተ ሰው፣ ልጁን ገደልከው እኮ!"

"ሰው እያደረግኩት ነው።"

"ሰው? አንተን ነው እያደረግከው። አንድ አንተ ለዚህ መንደር መቼ አነሰውና!"

ይስቅባታል። ኢዮሴፎም አድጎ፣ ትከሻው ሰፍቶ፣ በተራው የጎረምሶች አለቃ ሆነ። አውኩሶ በዚያ ቀን ራሱ አሳማ አርዶ ለመንደሩ አበላ፤ በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ኮርቶ አያውቅም።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ማታ ነው። ቀንደ መለከቱ ተነፍቶ፣ ከየቤቱ መዝሙር ተጀምሮ፣ ኢዮሴፎና ጓደኞቹ መንገዱ ላይ ቆመዋል። የመጨረሻው አውቶቡስ ከመንደሩ መግቢያ ላይ አንድ ጎረምሳ አውርዶ ተመለሰ። ጎረምሳው በጠባብ ጂንስ ሱሪ ነው፤ በመንገዱ መሀል ፈጠን ፈጠን እያለ ይመጣል። ሱሪ ለብሶ፣ በጸሎት ሰዓት፣ በመሀል መንገድ።

"ቁም!" አለ ኢዮሴፎ። "አንተ ባለሱሪ፣ የአባትህ ግቢ መሰለህ?"

"የአባቴ መንደር ነው" አለ እንግዳው። "አሳልፉኝ፣ እናቴ እየጠበቀችኝ ነው።"

"እናትህ ሽርጥ ማገልደም አላስተማረችህም?"

ጎረምሶቹ ሳቁ። "አንተ፣ እናቴን እንዳትነካ" አለ እንግዳው፣ ድምፁ ተለወጠ።

ቤቶቻችን ግድግዳ የላቸውም፣ ምሰሶና ጣሪያ ብቻ ናቸው። አውኩሶ ከልጆቹ ጋር ለጸሎት ተቀምጦ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ይሰማል። ኢዮሴፎ ዞር ብሎ አየው። ወንድሙ የሚለውን እየጠበቀ ነበር። "ተወው፣ ይለፍ" ቢል ያልፍ ነበር። "የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቁት" ቢል እንኳ ይበቃ ነበር።

"አስተምረው" አለ አውኩሶ። ከዚያ ለጸሎቱ ዓይኑን ጨፈነ።

ኢዮሴፎ ደረቱን ገፋው። እንግዳው ግን ለዱላ የሚንበረከክ አልነበረም፣ መልሶ ገፋውና ኢዮሴፎ በጀርባው ወደቀ፤ ሽርጡ ተገልቦ እስከ ጭኑ ታየ። ጎረምሶቹ አሁንም ሳቁ፣ በዚህ ጊዜ ግን በአለቃቸው ነው። ያ ሳቅ ነው ሰው የገደለው እላለሁ እኔ። ኢዮሴፎ ተነስቶ ከጓደኛው እጅ ዱላ ነጠቀ። መጀመሪያ ጉልበቱን አለው። እንግዳው እያነከሰ በቡጢ አፍንጫውን ሰበረው። ሁለቱም በደም ተነከሩ። ከዚያ ዱላው ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ፤ እንግዳው ሳይጮህ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ወደቀ።

አውኩሶ ዓይኑን የገለጠው ድምፁን ሲሰማ ነው። ብዙ አጥንት ሰብሯልና ድምፁን ያውቀዋል። ይሄኛው ግን ሌላ ነበር።

መብራት ይዘው ፊቱን ሲያዩት አንዲት አሮጊት "ወይኔ!" አለች። "ቱማ አይደለም እንዴ? የፋሌአፋ ልጅ!" ልጅ እግር ሳለ ነው ወደ ኒውዚላንድ ፍሬ ሊለቅም የሄደው። ጺም አብቅሎ ሲመጣ ማንም አላወቀውም። ሐኪም ቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ሞተ።

ሰማያዊ ሽርጥ የለበሱ ፖሊሶች መጥተው ኢዮሴፎን ወሰዱት። ሲወስዱት አፍንጫው እየደማ ወደ ወንድሙ ዞሮ "ወንድም ጋሼ፣ አንተ እኮ ነህ..." አለና አልጨረሰውም።

እስር ቤት የመንግሥትን ሕግ ይጨርሳል፣ የመንደሩን ደም ግን አያበርድም። የቱማ ወንድሞች ሦስት ናቸው፣ ሦስቱም ጉልበተኞች። ሳይነጋ የገዳይ ቤተሰብ በሟች ደጃፍ ሰሌን ተከናንቦ፣ ተንበርክኮ ይቅርታ ካልለመነ፣ ሲነጋ ቤቱ ይቃጠላል፣ ያገኙትንም ይቆርጣሉ። ሄዶ መንበርከክም ቢሆን ዋስትና የለውም። ሟች ቤት ከፈለገ ሰሌኑን አንስቶ ይምራል፤ ካልፈለገ ደግሞ ከሰሌኑ ሥር ያለውን ይገድላል። የተንበረከከ ሰው እጁን ካነሳ ግን ነገሩ አበቃ፣ ምሕረት የሚባል የለም።

አውኩሶ ያንን ጥቁር ሱፉን ለበሰ። ሽርጡን የተኮሰችለት ሲኔቫ ናት።

"ስማኝ" አለችው። "ከኋላህ እኔም ልጆችህም እንንበረከካለን። አንዴ እጅህ ቢነሳ ሁላችንም አለቅን።"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። አባትህ ከሞተ ወዲህ ማን መትቶህ ዝም ብለህ ታውቃለህ?"

እውነቷን ነበር። እሱም ፈራ። ሞትን አይደለም የፈራው፣ እጁን ነው የፈራው።

ጎህ ሳይቀድ ማገዶ፣ የምድጃ ድንጋይና ቅጠል ተሸክመው ሄዱ። ይህን የሚይዙት "ይኸው መጣን፣ ከፈለጋችሁ ጥበሱን" ለማለት ነው። በፋሌአፋ ቤት ደጃፍ አውኩሶ ከፊት ተንበረከከ፣ ከአያቶቹ የወረደውን የክብር ሰሌን ከራሱ ጀምሮ ተከናነበ። ቤት ውስጥ አስከሬኑ ተጋድሟል፣ ሴቶች ያለቅሳሉ።

ወንድሞቹ ሲያዩት ወጡ። የመጀመሪያው ድንጋይ ጀርባውን አገኘው፣ ሁለተኛው ጎኑን። ከኋላ አንዱ ልጁ ሲጮህ ሰማ። "ተነስ እንጂ፣ ጀግናው!" ይላል አንደኛው። "የሹፌሩን መንጋጋ የሰበርክ፣ ተነሳና እኛን አስተምረን!" የታንኳ መቅዘፊያ አምጥቶ ትከሻው ላይ አሳረፈበት። የግራ ትከሻው አጥንት ቀጭ ሲል አውኩሶ ራሱ ሰማው።

በሰሌኑ ሥር የመቺው እግር ይታየዋል። ባዶ እግር፣ ቅርብ፤ ቁርጭምጭሚቱን ቢይዝና ቢስብ ይጥለዋል። ጥሎም መቅዘፊያውን ይነጥቀዋል። ደሙ ፈላ፣ ቀኝ እጁ ሳያዘው ተንቀሳቀሰ። ያን ጊዜ ጣቶቹን ከጉልበቱ ሥር ከትቶ በሙሉ ክብደቱ ተቀመጠባቸው። መቅዘፊያው በድጋሚ ሲያርፍበት ጣቶቹ በጠጠሩ ላይ ተላጡ፣ እሱ ግን አልነሳም አለ። አለቀሰ። ያለቀሰው ከሕመሙ አይደለም፤ ከንዴት ነበር፣ መምታት አለመቻል ያን ያህል ያማል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር።

ከዚያ የቱማ ወንድሞች ገለል አሉ። አባታቸው ፋሌአፋ ጎደሬ የሚቆርጥበትን ቆንጨራ ይዞ ወጣ። አንድ ቃል ሳይናገር ሰሌኑን ሰነጠቀው፤ ስለቱ ከሰሌኑ አልፎ የአውኩሶን ራስ ቆረጠው። ደሙ በግንባሩ፣ በክራቫቱ ላይ ወረደ። ሽማግሌው ሁለተኛ ሊያነሳ ሲል ሚስቱ ሜሌ ከኋላው መጣች።

"ቆይ" አለች። "አንድ ነገር ልጠይቀው።" ጎንበስ ብላ በተቀደደው ሰሌን በኩል አየችው። "ልጄን ሲመቱት 'አስተምረው' ያለ ሰው ነበር አሉኝ። ማን ነው?"

ኢዮሴፎ ታስሯል፤ ጎረምሶቹም ቢሆኑ አውኩሶን ይፈራሉ፣ ስሙን አይጠሩም። "አላውቅም" ቢል ማንም አይመሰክርበትም ነበር።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ ሜሌ" አለ አውኩሶ።

ፋሌአፋ ቆንጨራውን አነሳ።

"ተው አልኩህ!" አለች ሜሌ ባሏን። "እሱን ብትገድለው ልጄን ማን ያለብስልኛል?" ከዚያ ሰሌኑን በሁለት እጇ ገፈፈችው፣ እሱም በደም ታጥቦ ብርሃን ላይ ቀረ። "ተነስ። ግባ።"

ወንድሞቹ ጎትተው አስነሱት። ቤት ውስጥ ቱማ ታጥቦ ተጋድሟል፣ አልለበሰም። አጠገቡ ሻንጣ ተከፍቷል።

"ትናንት ጠዋት ነው አውሮፕላን ማረፊያ የደረሰው" አለች ሜሌ። "ሻንጣውን ረስተውበት እሱን ሲጠብቅ ዋለ፤ ሻንጣው እዚህ የደረሰው ሌሊት ነው። ስልክ ደውሎ 'እማዬ፣ ሽርጤ ሻንጣው ውስጥ ነው፣ በሱሪ መጣሁብሽ፣ ጨለምለም ሲል ሮጥ ብዬ እገባለሁ፣ ማንም አያየኝም' አለኝ። አፍሮ እኮ ነው የሚሮጠው። አንዳችሁም አልጠየቃችሁትም።"

ከሻንጣው ሱፍ አወጣች። ግራጫ ኮት፣ ግራጫ ሽርጥ፣ አዲስ፣ መርፌው እንኳ ከአንገትጌው ያልወጣ። "ለአባቱ የማዕረግ በዓል ብሎ ነው ያሰፋው" አለች። "አልብሰው። በዚያው እጅህ።"

አውኩሶ ተንበረከከ። ቀኝ ጣቶቹ ተልጠዋል፣ ግራ ክንዱ አይነሳም። ሽርጡን ከልጁ ወገብ በታች ሲያሾልከው ጉልበቱ ላይ ያበጠውን አየ፣ ጆሮ ግንዱ ላይ የገባውን አየ። ስንቱን ሰው መትቶ ነበር፣ የመታውን ሰው ግን ጠጋ ብሎ አይቶ አያውቅም። ልጁ ቀዝቅዞ ነበር፣ እንደ ልጅ ጠባብ ወገብ ነበረው። ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ ሊቋጥር ሞከረ፣ በአንድ እጅ ግን እምቢ አለው፣ ሽርጡ ተመልሶ ተፈታ። ደግሞ ሞከረ። ማንም አላገዘውም።

በመጨረሻ ፋሌአፋ ቆንጨራውን መሬት ላይ ጥሎ መጣ። ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። የአውኩሶን ፊት አላየም። ሁለቱ ሰዎች፣ አንዱ የሟች አባት፣ ሌላው "አስተምረው" ያለው ሰው፣ ሽርጡን አጥፈው፣ አስተካክለው፣ አጠበቁት። ከዚያ ኮቱን አለበሱት።

ውጭ ቀኑ ነግቷል። ሽማግሌዎቹ ይቅርታው ተቀባይነት አግኝቷል ብለው ተናገሩ፣ የአውኩሶ ቤተሰብ ከነነፍሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል ማለት ነው። ሲኔቫ ልጆቿን አቅፋ አለቀሰች። አውኩሶ ሊወጣ ሲል ሜሌ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው።

"ይቅር ያለህ መንደሩ ነው" አለችው። "እኔ ገና ነኝ። ሌላ ቀን ናና ለምነኝ።"

"እመጣለሁ" አለ።

ሄደ፤ በየወሩም ይሄዳል። ያንኑ ሱፍ ለብሶ፣ ደሙ ያልለቀቀውን ክራቫት አስሮ፣ በደጇ ይንበረከካል። እሷም ቤቷ ሆና ታየዋለች፣ እስኪበቃት ታስቀምጠዋለች፣ ከዚያ "ዛሬም አይደለም፣ ሂድ" ትለዋለች።