ሳይሄዱ የተመለሱት ባልና ሚስት

ባለፈው ሳምንት ፒዮሪያ ስትሪት ካለው ታክስ ቤት ገብቼ ጡረታ ልወጣ መሆኔን ስናገር፣ ወጣቱ ሠራተኛ «እማማ፣ ለፌደራሉ መንግሥት ታክስ ከጡረታዎ ላይ ከወዲሁ ይቆረጥልዎት?» አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ትዝ ያሉኝ ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ነፍሳቸውን ይማርና።

ዴንቨር በመጣሁ ሰሞን፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ ሞንትቤሎ ሰፈር ከእሳቸውና ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ቤት ምድር ቤቱን ተከራይቼ ነበር። ኪራይ ይቀበሉኝ እንጂ የሚቆጡኝ እንደ ልጃቸው ነው። ጋሽ ደምሴ ጡረታ ሊወጡ ሲሉ አንድ ታክሲ ነጂ ወዳጃቸው፣ «ቴክሳስ ከጡረታ ላይ ሳንቲም አይነካም» ብሎ አሳመናቸው። ቤቱ ተሽጦ ወደዚያ ሊሄዱ ሆነ። እኔ ሐሳባቸውን አስቀይሪልኝ እያልኩ እመቤቴን መለመን ያዝኩ፤ እነሱ ከሄዱ በዚህ አገር የሚቆጣኝ ሰው አልነበረኝም።

የታክስ ወቅትና ዐቢይ ጾም እዚህ አገር አብረው ነው የሚመጡት። የሰንበቴ እናቶች ስልጆና ሱፍ ፍትፍት አዘጋጅተው፣ ትልቅ ሻንጣ ሸልመው፣ ካህኑም መንገዳቸውን ባርከው ሸኟቸው። በማግስቱ፣ በረዶ እየጣለ፣ ታክስ ሊያሠሩ ይዣቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ የፌደራሉ ታክስማ ቴክሳስም ይከተልዎታል» አለች የምትሠራላቸው ሴት።

«የስቴቱስ፣ የኮሎራዶው?»

«ኮሎራዶ በእርስዎ ዕድሜ ይቺን የሚያህል ጡረታ አይነካም። ምኑን ነው የሚሸሹት?»

እትዬ አስካለ ወደ ባላቸው ዞር ብለው፣ «ሻንጣውን ምን ልናደርገው ነው?» አሉ።

«የሻንጣውስ ቀላል ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ። «ተሸኝተን፣ ተመርቀን፣ እሑድ በምን ዓይናችን ሰው እናያለን?»

እኔ ደስታዬ እንዳይታወቅብኝ በመስኮቱ በረዶውን አያለሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ወሬው ቀድሞናል። የሰንበቴዋ ሰብሳቢ እናት በር ላይ ጠብቀው፣ ጉንጫቸውን አገላብጠው ስመው፣ ኮስተር ብለው፣ «እንኳን ከቴክሳስ በደህና መጣችሁ። ሙቀቱ እንዴት ይዟችሁ ነበር?» አሉ።

«አይጣል ነው እቴ፤ ሰው አይኖርበትም» አሉ ጋሽ ደምሴ።

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ለካ የመመለሻም ድግስ ተደግሷል። እንደዚያን ቀን የጾም ሽሮ ጣፍጦኝ አያውቅም። እትዬ አስካለ ኋላ የመጀመሪያ ልጄን ክርስትና አነሡልኝ።

ባለፈው ሳምንትም ሳቄን ስጨርስ የታክስ ቤቱን ወጣት «ቁረጥ» አልኩት። «ለስቴቱስ?» ብዬም ጠየቅኩት።

«በእርስዎ ዕድሜ፣ ከዚህ ጡረታ ምንም።»

ያቺው ልጄ ዛሬ ኔቫዳ ናት፤ እዚያ የስቴት የገቢ ታክስ የለም፣ ነይ እያለች በየሳምንቱ ትደውላለች። አሁን በሚገባት ቋንቋ የምነግራት ምክንያት አገኘሁ፤ ኮሎራዶም ጡረታዬን አይነካም። ሌላውን፣ ሳይሄድ ለተመለሰ ሰው ድግስ ከሚደግሱ ሰዎች መሃል ማርጀት ምን እንደሚመስል፣ መጥታ ብታየው ይሻላል።