አምሀ የጠበቀው ግማሽ ሰዓት

ባሌ አምሀ የጋራዥ ዘበኛ ነው። ነበር ማለት ይሻላል መሰለኝ። ጂቡቲ ከተማ፣ ሃያብለ ከሚባለው ሰፈር ዳር፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ፣ ዙሪያውን በብሎኬት የታጠረ ትልቅ ግቢ አለ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ ከባድ መኪኖች የወደብ ተራቸው እስኪደርስ እዚያ ይቆማሉ፤ የተበላሸም ካለ እዚያው ይጠገናል። በግቢው ጥግ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ክፍል አለች። እኔና አምሀ ሰባት ዓመት የኖርነው እሷ ውስጥ ነው።

የጋራዡን ባለቤት ሁላችንም ፓትሮን ነው የምንለው። ከእኛ በፊት የነበረው ዘበኛ በምሳ ሰዓት ለሌቦች በሩን ከፍቷል ተብሎ ተባሯል። ፓትሮኑ ከዚያ ወዲህ አንድ ሥርዓት አወጣ። ጂቡቲ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ሁሉም ይዘጋል። ጫት ይገባል፣ ሰው ጫቱን ይዞ ቤቱ ይከተታል፣ እስከ አስር ሰዓት መንገዱ ጭር ይላል። ፓትሮኑም ለመቃም ወደ ቤቱ ሲሄድ ትልቁን የብረት በር ከውጭ ይቆልፈዋል። እኛ ውስጥ ነን። አስር ሰዓት ላይ መጥቶ ይከፍታል። በመጀመሪያው ዓመት እሳት ቢነሳስ፣ ብታመምስ እያልኩ እጨነቅ ነበር። በኋላ መጨነቁም ሰለቸኝ።

አምሀ ያደገው መተከል፣ ፓዌ ነው። አባቱ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ የሄዱ ናቸው። ጎረቤታቸው አንድ የጉሙዝ አዳኝ ነበር፤ አምሀን ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ ጫካ ለጫካ ይዞት ዞሯል። ደጋን መጥረብ፣ ፍላጻ ማቅናት፣ ዱካ ማየት፣ ሁሉንም ያስተማረው እሱ ነው። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ከአምስተኛ ክፍል ወጥቼ ሰው ቤት ስሠራ ነው አምሀን ያገኘሁት። የቀን ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜም ስለ ሌላው ነገር ዝምተኛ ነው፤ ስለ አደን ከጀመረ ግን አያቆምም። አደን በሌለበት አገር አዳኝ ማግባቴ ሲያስቀኝ ኖሯል።

ባለፈው ሚያዝያ፣ በሩ እንደተቆለፈ ሦስት ሰዎች በግድግዳው ዘለው ገቡ። አምሀን በብረት ደበደቡት፤ የግራ እጁን ሁለት ጣቶች ሰበሩት። እኔን በገመድ ከአልጋው እግር ጋር አሰሩኝ። ከሁለት መኪና ባትሪ ፈተው በመጡበት ወጡ። በሩ ስለተቆለፈ ብንጮህ እንኳን የሚደርስልን አልነበረም። አስር ሰዓት ላይ ፓትሮኑ መጣና ባትሪዎቹን ነው ያየው። «ሁለተኛ አንድ ነገር ከጠፋ፣» አለ፣ «ክፍሏን ትለቃላችሁ።» የመኖሪያ ወረቀት የለንም። ማን ሌላ ቤት ያከራየናል?

እዚህ አገር መሣሪያ መያዝ ክልክል ነው። ለዘበኛ የሚሰጠው ፊሽካ ነው። አምሀ ጣቶቹ ሲጠግኑለት ቦንሳን ለደጋን የሚሆን ቀርከሃ እንዲያመጣለት ለመነው። ቦንሳ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ የጨርጨር ሰው፣ እሱም አዳኝ፣ ግን የጠመንጃ አዳኝ። ከአዲስ አበባ የቀርከሃ ወንበር ከሚሠሩ ሰዎች ሁለት ዘንግ ገዝቶ አመጣለት።

አምሀ ከዚያ በኋላ አንድ ወር ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረውም። ቀርከሃው በጂቡቲ ሙቀት እንዳይሰነጠቅ በየማታው የበግ ሞራ ይቀባዋል። ለአውታሩ ጅማት ስላጣ የመኪና ሸራ የሚታሰርበትን ናይለን ፈትሎ ገመደው። የፍላጻውን ጫፍ ከተሰበረ የመኪና ባሌስትራ ብረት ቆርጦ ሞረደው። ማታ ማታ አውታሩን ያላላዋል፤ ተወጥሮ ያደረ ደጋን ጉልበቱን ይጨርሳል ይላል። ለእኔ እንዲህ ሲጠነቀቅ አይቼው አላውቅም።

አርብ አርብ ጋሽ ገብረማርያም ካርቲየ ሰባት ከሚባለው ሰፈር ይመጣሉ። አባታቸው ለምድር ባቡር ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው፤ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው ሰዓት ሲጠግኑ አርጅተዋል። አደን ሳይከለከል በፊት፣ በልጅነታቸው፣ ከአባታቸው ጋር ሚዳቋ ያድኑ ነበር። ቦንሳም መኪናው ግቢያችን ካለ ይቀላቀላል። አንድ አርብ አምሀ ቀስቱን አውጥቶ አሳያቸው።

ቦንሳ ሳቁን ለቀቀው። «ይሄን ነው በየኬላው ለአልጋ ነው እያልኩ የማልኩለት? አንተ፣ እኛ አገር በዚህ ወፍ ነው የሚያባርሩበት!»

«እናንተ አገር በክላሽ ድኩላ ይመታል፣» አለው አምሀ። «ጫካው በሙሉ ይሰማል። በማግስቱ የሚታደን የለም።»

«ዛሬ ከበላሁ ነገ ምን አገባኝ?»

ጋሽ ገብረማርያም መነጽራቸውን አውልቀው ፍላጻውን አገላብጠው አዩት። «ሠላሳ ጥይት የያዘ ሰው ማነጣጠር ምን ያደርግለታል? ለእኔ አባቴ ሁለት ጥይት ብቻ ነበር የሚሰጠኝ። ሁለቱንም ከሳትኩ ጦሜን እውላለሁ። ጎበዝ ነው የሠራኸው፣ አምሀ። ግን ይሄን ያዘጋጀኸው ለሚዳቋ አይደለም።»

«ለማስፈራራት ነው፣ ጋሼ።»

«አዳኝ ለማስፈራራት አይወጥርም። የወጠረ ይለቃል።»

«ይልቀቀዋ!» አለ ቦንሳ። «ጣቱን ሲሰብሩት ምን ይዞ ነበር? ፊሽካ! ሌባ በፊሽካ ሲሸሽ አይተው ያውቃሉ?»

«ለመኪና ባትሪ ሰው አይመታም። ይውሰዱት።»

«ከዚያ ፓትሮኑ ውጡ ይላቸዋል።»

«ይውጡ።»

«ወዴት?»

ጋሽ ገብረማርያም ወደ እኔ ዞር ብለው አዩኝ፤ ከዚያ መነጽራቸውን መጥረግ ጀመሩ። እሳቸው አባታቸው ያወረሷቸው ቤት አላቸው።

ሦስቱ የሚስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ያቆሰልከውን ጥለህ አትሄድም። ቦንሳ አንድ ጊዜ ያቆሰለውን አጋዘን፣ መኪና እየጠበቀው ስለነበር፣ ሳይከተል ትቶታል። ይሄን ሲያወራ እንኳን እሱ፣ ያ ሳቂታ፣ ድምፁን ይቀንሳል። አምሀ ደግሞ አከታተሉም ደንብ አለው አለ። «ፍላጻ እንደ ጥይት እዚያው አይጥልም። የተመታው ይሮጣል። ወዲያው ከተከተልከው ሲሮጥ ደሙ ያልቅና ገደል ገብቶ በከንቱ ይሞታል። ከተውከው ግን ጥላ ፈልጎ ይተኛል፣ ደሙም ይረጋለታል። ስለዚህ ትቀመጣለህ። ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ቀስ ብለህ ትነሳለህ።»

«እኔ አልቀመጥም፣» አለ ቦንሳ። «ልቤ አይችልም።»

«ለዚህ ነው ጠመንጃ የያዝከው፣» አሉት ጋሽ ገብረማርያም።

ሐምሌ ገባ። የሐምሌን ነፋስ እዚህ የኖረ ያውቀዋል፤ የምድጃ አፍ ከፍቶ ፊትህ ላይ የሚተነፍስ ይመስላል። ማክሰኞ ነበር። በሩ ተቆልፏል። የረጠበ አንሶላ ለብሼ ተኝቻለሁ። ከውጭ የብረት ድምፅ ሰማሁ። አምሀ ቀድሞኝ ተነስቶ አውታሩን ሲያጠብቅ አየሁት።

ከክፍላችን በር ሆኜ አየሁ። አንድ ሰው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ይሆነዋል፣ ቀጭን፣ ሽርጥ ያገለደመ። ባትሪ በትከሻው፣ በሌላው እጁ ደግሞ ረጅም ብረት ይዟል።

«ጆግ!» አለው አምሀ። በሶማልኛ ቁም ማለት ነው።

ሰውየው አልቆመም። በፍጥነት ወደ እኛ አቅጣጫ መጣ። ፍላጻው ታፋው ላይ ሲገባ አየሁ። ባትሪውን ጣለ፣ ብረቱን አልጣለም፤ በአጠገቤ አልፎ በተደረደረው ጎማ ላይ ወጣና ከግድግዳው ማዶ ወደቀ።

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳሰብኩት። በብረቱ ሊመታን ነበር የመጣው ወይስ ሊሸሽ? ጎማው የተደረደረው ከበራችን አጠገብ ነው። ለመሸሽም ቢሆን የሚመጣው በዚያው ነው። ፖሊሶችም ይሄንኑ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው፤ እስካሁንም አላውቅም።

አምሀ ስልኩን አየ። ሰባት ሰዓት ከሃያ ነበር። ከዚያ የበራችን ደፍ ላይ ተቀመጠ።

«ማንም አላየህም፣» አልኩት። «ደሙን በአፈር እሸፍነዋለሁ። ቀስቱን አነደዋለሁ። ባትሪውም አለ፣ ፓትሮኑ ምንም አይጎድልበትም።»

«ቆስሏል፣ ፀዳል።»

«የራሱ ሰዎች የሉትም? እነሱ ይፈልጉት።»

«ቢኖሩትስ? ያቆሰልኩት እኔ ነኝ።»

«ሐኪም ቤት ብትወስደው ፖሊስ ይጠራል። ወረቀት የለህም። ያስሩሃል፣ ያባርሩሃል። እኔስ?»

ሲጨንቀው የተሰበሩትን ጣቶቹን ያሻል፤ እነሱን ያሽ ነበር።

«እሺ፣ የምትሄድ ከሆነ ሂዳ!» ብዬ ጮህኩበት። «ለምን ትቀመጣለህ?»

«አሁን ከሄድኩ ይሮጣል፣» አለኝ። «ይረፍ።»

እኔ ስለ አደን የማውቀው የለም። እውነት መሰለኝ። ደግሞም፣ አልዋሽም፣ ግማሽ ሰዓት ሲቀመጥ ሐሳቡን ይቀይራል ብዬ ደስ ብሎኛል። ስለዚህ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ውሃ ሰጠሁት። መሬት ላይ ያለውን ደም ዝንብ ወረረው፣ ወዲያው ደረቀ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ቀኝ እግሩን ነው አይደል?» ሲል ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

ሰባት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ተነሳ። ቀስቱን ጥሎ ሁለተኛ ሽርጡን በትከሻው ላይ ጣለ። ጎማው ላይ ወጥቶ፣ በደህና እጁ ግድግዳውን ይዞ፣ ወደ እኔ ዞረ። የሚናገር መስሎኝ ነበር። ዘለለ።

የእኔ ድርሻ መጠበቅ ነው። ትልቁን በር ሁለት ጊዜ ገፋሁት። መቆለፉን እያወቅሁ ነው የገፋሁት። ደሙን ልሸፍን አፈር አነሳሁና መልሼ ደፋሁት። አስር ሰዓት ላይ ፓትሮኑ ከፈተ፣ መሬት ላይ የወደቀውን ባትሪ አየ፣ አንስቶ ወዘወዘው፣ «አልተሰበረም፣» አለ። ከዚያ ነው አምሀ የት ሄደ ብሎ የጠየቀው።

የሆነውን በኋላ ከራሱ ከአምሀ ሰማሁ። የደሙን ጠብታ እያየ ከግቢው በስተጀርባ ወዳለው ደረቅ ወንዝ ወረደ። ሰውየውን ከአንድ የዛገ መኪና ጥላ ስር ተቀምጦ አገኘው። ሊጨርሰኝ መጣ ብሎ ድንጋይ ወረወረበት፤ ሦስተኛውን ለመወርወር ግን አቅም አጣ። አምሀ ታፋውን በሽርጡ አጥብቆ አሰረው፣ አዝሎት እስከ አስፋልቱ ወጣ፣ ሚኒባስ ለምኖ ሐኪም ቤት አደረሰው። ስሙ ሮብሌ ይባላል፤ መንገድ ላይ ጠይቆት ነግሮታል። ፖሊስ ሲመጣ አምሀ ከወንበሩ ተነስቶ፣ «እኔ ነኝ፣» አለ።

የሮብሌን እግር ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

በማግስቱ ከጋሽ ገብረማርያም ጋር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ በፈረንሳይኛ ረዘም አድርጎ ተናገረ። ጋሽ ገብረማርያም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙና ኮሪደሩ መጨረሻ ድረስ ቀድመውኝ ሄዱ።

«ምን አለ፣ ጋሼ?»

«ይተርፋል አለ።»

«ሌላስ? ብዙ ነው የተናገረው።»

ቆሙ። «ደም ሥሩ ተቆርጦ ነበር። ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢታሰር እግሩ ይተርፍ ነበር አለ።» ክንዴን ያዙኝ። «ለአምሀ አትንገሪው። ለማንም። ለቦንሳም።»

«ደንቡ እንደዚያ ነው ብሎኝ ነበር።»

«ደንቡ ልክ ነው፣ ልጄ፣» አሉኝ። «ለሚዳቋ።»

እኔ አሁንም ግቢው ውስጥ ነኝ። ፓትሮኑ ሌላ ዘበኛ እስኪያገኝ ቆዪ ብሎኛል፤ ሲፈልግ ግን አላየሁም። በሩ በሰዓቱ ይቆለፋል። ሮብሌ ሚስት አለው፤ አንድ ቀን ከበሩ ውጭ ቆማ በሶማልኛ ሰደበችኝ። ቁልፍ ስለሌለኝ ልከፍትላት አልቻልኩም። በሩን ተደግፌ ሰማኋት። ሲደክማት ሄደች።

አምሀን ባለፈው ሳምንት እስር ቤት ሄጄ ለመጀመሪያ ጊዜ አስገቡኝና አየሁት። በመካከላችን ሽቦ አለ። ከስቷል። ፍርዱን ሲጨርስ በገላፊ ድንበር በኩል ወደ አገር እንደሚሸኙት ነግረውታል፤ መቼ እንደሆነ ግን የሚያውቅ የለም። ስለ ምግቡ ስጠይቀው ደህና ነው አለኝ።

«ሮብሌስ?» አለኝ።

«ከሐኪም ቤት ወጥቷል። በምርኩዝ መሄድ ጀምሯል አሉ።»

ጣቶቹን አሸ።

«እግሩ ያሳዝነኛል፣» አለ። «ግን ሕይወቱ ተርፏል። አየሽ፣ ያን ቀን አንቺ ሂድ ስትይኝ ብሄድ ኖሮ ሲሮጥ ደሙ ያልቅና እዚያ ወንዝ ውስጥ ይሞትብኝ ነበር። ብቀመጥ ነው የተረፈው። እሱን እያሰብኩ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

ሽቦውን በሁለት እጁ ይዞ መልሴን ይጠብቃል።

«አዎ፣» አልኩት። «ስለተቀመጥክ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ፤ ትከሻው ወረድ ሲል አየሁት። ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ የትኛውን ልብስ ላምጣልህ አልኩት።