የሐኪሙን ኪስ ላለመጉዳት

ታላቅ እህቴ ሰው ከምታስቸግር ሞት የሚቀላት ሴት ናት። ይህን ጠባይ ከአገር ቤት ይዛው መጣች፣ ጄኔቭ ደግሞ ባሰባት። ሜራን በሚባል ሰፈር አጠገብ በአንድ ዲፕሎማት ቤት ለዓመታት ስትሠራ፣ መታመም ማለት ማዳምን ማስቸገር ነበር። ጥርሷን ሲያማት በቅርንፉድ፣ ወገቧን ሲያማት በጸሎት ታልፈዋለች። ቤተሰቡ ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ፔርሚዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በስንት መከራ ተስተካከለና ዙሪክ እኔ ዘንድ መጣች። ስትመጣ ጉልበቷ አልቆ፣ ስኳር ይዟት ነበር።

እኔ ላንግሽትራሰ አካባቢ ባለ አንድ ክሊኒክ የሐኪም ረዳት ነኝ። ደም እቀዳለሁ፣ ቀጠሮ እሰጣለሁ፣ ለሚመጣው ሐበሻ ሁሉ አስተረጉማለሁ። እህቴንም እዚያው አስመዘገብኳት። ሐኪሙ መልካም ሰው ነው፤ በሩ ላይ ሲያያት ከወንበሩ ይነሳላታል። ለእሷ ይህ በቂ ነበር፤ በዚህ አገር ማንም ተነሥቶላት አያውቅም። ከዚያ ወዲህ በየጸሎቷ ታስበዋለች።

እዚህ የጤና መድን በሕግ ግዴታ ነው። ድሮ ሐኪም የሚከፈለው ባየው በሽተኛና በፈጀው ደቂቃ ልክ ብቻ ነበር፤ እኛ ጋ ግን ከመድን ድርጅቱ ጋር ሌላ ውል ተጨምሮበታል። የተመዘገቡት ሰዎች ዕድሜና ሕመም ታይቶ የዓመት ወጪያቸው አስቀድሞ ይገመታል። ወጪው ከግምቱ ካነሰ፣ ከተረፈው ለሐኪሞቹ ይደርሳቸዋል፤ ከበለጠ ጉድለቱን ይጋራሉ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ሐኪም ከሰው መታመም ሳይሆን ከሰው ጤና እንዲጠቀም ነው። ሲነገረኝ እኔም ወድጄው ነበር። ውሉን የጻፉት ሰዎች ግን እህቴን አያውቋትም።

አንድ ቅዳሜ ምሳ እየበላን ሥራ እንዴት ነው አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር እንደመጣልኝ መለስኩላት።

«ዘንድሮ ወጪያችን ከግምቱ በልጧል። ሐኪሙ ተጨንቋል።»

«እኔ ስታከም ከሳቸው ኪስ ነው እንዴ የሚወጣው?»

«ኧረ እንደሱ አይደለም። የሚከፍለው ክራንከንካሰው ነው፣ መድን ድርጅቱ። ዓመቱ ሲያልቅ ነው የሚተሳሰቡት።»

«ታዲያ ያው አይደል እንዴ» አለችና ሳህኗን ይዛ ተነሣች።

ከዚያ በኋላ ደህና ሆነች። እንዴት ነሽ ሲሏት «ጌታ ይባረክ፣ ደህና ነኝ» ብቻ። ለስኳሯ የሚደረግላት የእግር ምርመራ ሲደርስ «የጽዳት ሥራ ስላገኘሁ አስተላልፊልኝ» አለችኝ፤ አስተላለፍኩላት። እሱም ሲደርስ ጉንፋን ያዛት፣ ቀጥሎ የጾም ጸሎት መጣ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ደህና ናት እለዋለሁ። ኮምፒውተራችን ላይም ወጪዋ ከግምቱ በታች የሆነ፣ የማታስቸግር በሽተኛ ነበረች። ቤት ውስጥ ካልሲ ማድረግ ስትጀምር ብርዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ኋላ እንደነገረችኝ፣ አዲስ ጫማ ትንሿን ጣቷን ልጧት ነበር። ስኳሩ እግሯን ስላደነዘዘው ሕመሙ አልተሰማትም። ስታየው በጨው ውኃ አጠበችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችው፣ ጸለየችበት። እኛ ጋ ብትመጣ ፋሻና መድኃኒት ተደርጎላት፣ ደጋግማ እየታየች የሚድን ቁስል ነበር። ክሊኒኩ ከቤታችን ሁለት የትራም ፌርማታ ነው።

አንድ እሑድ ለአምልኮ ልንወጣ ስንል ጫማዋ አልገባ አላት። ፊቷ በላብ ተጠምቆ ትንቀጠቀጣለች። ምንም አይደል እያለች እጄን ስትገፋው ካልሲውን በግድ አወለቅሁት። ሽታው እስከ ዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም። በዚያው ሳምንት ከጉልበቷ በታች ቆረጧት።

አለቀስኩ፤ ከለቅሶው ግን ንዴቱ ይበልጥ ነበር። በእሷ ተናደድኩ፣ በማዳም ተናደድኩ፣ በራሴ አፍ ተናደድኩ። ይሉኝታን ሰዎች እንደ ጌጥ ያወሩለታል፤ እኔ እግር ሲበላ አይቻለሁ።

ሐኪሙ ሆስፒታል ሊጠይቃት መጣ። አልጋዋ አጠገብ ተቀመጠ። ቀድማ የተናገረችው እሷ ናት።

«ይቅርታ ጠይቂልኝ» አለችኝ። «ይህን ሁሉ ወጪ አመጣሁባቸው። ስንት እንዳስወጣኋቸው ጠይቂልኝ።»

መተርጎም አልፈለግሁም። እሱ ግን ፊቴን አይቶ ምን እንዳለች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ሊያጽናናት ብሎ ቀስ እያለ አስረዳኝ። ውሉ ጣሪያ አለው፤ እንዲህ ያለ ትልቅ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ወጪው ጣሪያውን ስለሚያልፍ ከሐኪሞቹ ሂሳብ ጭራሽ ይወጣል። አለዚያ አንድ ከባድ በሽተኛ ብቻውን ክሊኒክ ያዘጋል። የሚታሰብባቸው ትንንሹ ነው፤ ምርመራው፣ ፋሻው፣ ቅባቱ።

«ከእኛ አንድ ፍራንክ አልወጣም። አታስቢ በያት» አለኝ።

እንዳለው ነገርኳት፤ ቅባቱንና ፋሻውንም ሳልዘል። ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ትራሷ ላይ ተመልሳ ተጋደመችና እጄን ያዘችኝ።

«ጌታ ይመስገን» አለች። «እንኳንም ቁስሉ ትንሽ እያለ አልሄድኩ።»