መሲ የሠራችው መድረክ

ከድሬዳዋ የወጣሁት አመሻሽ ላይ ነው። እናቴ እስከ አውቶቡሱ በር ሸኝታኝ፣ «በድኗንስ እዚያው ቀበሩብኝ። እጇ የሠራውን አምጣልኝ» አለችኝ። ወደ ጅቡቲ ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር የመጣሁት።

እህቴ መሠረት፣ እኛ መሲ የምንላት፣ ጅቡቲ፣ ሀራሙስ በሚባል ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጥራ ትኖር ነበር። የሴትዮዋ ልጅ ባሌት ዳንስ ትማራለች። መሲ ልጅቱ የጣለችውን የተቀደደ ቀሚስና ያለቀ ጫማ እየሰበሰበች፣ ፊቱ መስታወት በሆነ ትንሽ የእንጨት ሳጥን ውስጥ መድረክ ሠራች። መጋረጃው የጫማው ሮዝ ሪባን ነው። ዳንሰኛዋ ከሽቦ ናት፤ በአንድ እግሯ ጣት ትቆማለች። ይህን ሁሉ ለእናቴ በስልክ ነግራታለች። ጨርሳው ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ያዛት። በአምስተኛው ቀን ሞተች።

ለቪላው ዘበኛ የመሠረት ወንድም ነኝ ስለው የራሱን ወንበር ለቀቀልኝ። ማዳም ሳጥኑን ይዛ ወጣች፣ አለቀሰች፣ ከዚያ የፈረንሳይኛ ወረቀት አቀረበችልኝ።

«ምን ይላል?» አልኩት ዘበኛውን።

«አንድ ሳጥን ከነዳንሰኛዋ፣ ምንም ሳይጎድል ተረክቤአለሁ ይላል።»

«እህቴን ስትረከብስ ፈርማ ነበር?»

«ፈርም በቃ፣ ወንድሜ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ያን ቀን ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር፣ የመሲ ወዳጅ እትዬ ዘነበች ቤት አደርኩ። አባታቸው በባቡሩ ዘመን ከአገር ቤት መጥተው ነው እሳቸው እዚህ የተወለዱት። መሲ ዓርብ ዓርብ፣ በእረፍቷ ቀን፣ ሳጥኑን የምትሠራው እሳቸው ዘንድ ነበር።

የዚህ አገር ሙቀት እንደ ድሬ አይደለም። ድሬ ሲመሽ ነፋስ አለ፤ እዚህ ግድግዳው ራሱ ያልበዋል። ጠዋት ስነሳ መስታወቱ ከውስጥ ደፍርሷል፣ ወለሉ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። የባሕር አቧራ መሰለኝ። ለእናቴ ንጹሕ አድርጌ ላድርስላት ብዬ መስታወቱን አንሥቼ በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁት። ነጩ ቀለጠ። ዳንሰኛዋ ወደቀች።

እትዬ ዘነበች ጨርቁን በጣታቸው ነክተው ቀመሱ።

«ጨው እኮ ነው! ከአሳል ሐይቅ አስመጥታ፣ በሙጫ እየለወሰች ሦስት ዓርብ የፈጀችበትን ወለል በአንድ ጨርቅ ጨረስከው! በረዶ ላይ ነው የማቆማት ስትለኝ ነበር።»

«ቆሻሻ መስሎኝ…»

«ምናለ ቤቴን እንዲህ በጠረግህልኝ!» አሉና ፊታቸውን አዞሩ። እያለቀሱ ነበር።

እሳቸውም ዳንሰኛዋ ቆማ አላዩአትም፤ መሲ ያቆመቻት ሀራሙስ ወስዳ ነው። ማዳምና ልጇ ሙቀቱን ሽሽት አገራቸው ገብተዋል። ዘበኛው ልብ ብዬ አላየኋትም ይላል። እኔም ፎቶ አላነሣሁም።

ይኸው አራት ወር ሆነኝ። ቀን ሱቅ ውስጥ ካርቶን አወርዳለሁ። ከሥራ ስመለስ ጨው ለውሼ አቆማታለሁ። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ትዘምማለች። እናቴን የመመለሻ ወረቀት እየጠበቅሁ ነው እላታለሁ።

ትናንት ደወልኩላት።

«ሳጥኑ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እማዬ።»

«እንደው መሲ የዳንሰኛዋን ፊት ወዴት አዙራ ነው ያቆመቻት? ወደሚያያት ሰው ነው ወይስ ወደ መጋረጃው?»

ዳንሰኛዋ አንድ ሌሊት ሙሉ ቆማ ከጎኔ ነበረች። እኔ ያየሁት ነጩን ነገር ብቻ ነው።

«ትሰማኛለህ?» አለች።

ዳንሰኛዋን በጣቶቼ ይዤ ወደ መጋረጃው አዞርኳት። ከዚያ ወደ እኔ አዞርኳት።

«አቤት እማዬ» አልኩ። «ቆይ፣ እያየሁልሽ ነው።»